የተረፈችው «ት»

አልተኛሁም። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ እንቅልፍ በማጣት የምታማ ሰው አይደለሁም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ጀፕስታውን ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከታች ብርድ ልብስ አከፋፋዮቹ የብረት በራቸውን እያንኳኩ፣ ከላይ ኮንጎአዊው ጎረቤቴ መዝሙር እየተለማመደ፣ እኔ እንደ ሕፃን ስተኛ ነው የኖርኩት። ያላስተኛችኝ አንዲት ፊደል ናት። «ት»። አሥራ አራት ዓመት ደሴ ላይ አማርኛ ሳስተምር በጠመኔ ስጽፋት የኖርኩ፣ ልጆቹ ክንዷን አጣመው ሲጽፏት ደብተራቸውን የመለስኩባቸው፣ ያቺው «ት»። አሁን ነግቷል፤ መስኮቱ ላይ የሐምሌ ውርጭ ተለጥፏል፣ ታች ታክሲዎቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሰው መልቀም ጀምረዋል፣ እኔ ሁለት ሹራብ ደርቤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። አራት ሰዓት ላይ ሮዝባንክ ሄጄ ለአዲስ ሀገር እምላለሁ። መሐላው ስምንት መስመር ነው። የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ፤ ይህን ግን እስካሁን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሀገሪቱ ኤና ትባላለች። ካርታው ሊያልቅ ሲል፣ ከሁሉም በላይ በኩል፣ ባሕሩ በረዶ የሚሆንበት ቦታ ናት፤ ሕዝቧ ተሰብስቦ ቢመጣ ደሴን ብቻ ነው የሚሞላው። ሁለት መቶ ዓመት ቫልድር የሚባል ትልቅ የንጉሥ ግዛት ገዛቸው። ግዛቱ በጦርነት አልተሸነፈም፤ አረጀ። መጀመሪያ መርከቦቹ መምጣት ቀሩ፣ ቀጥሎ የፖስታ ቴምብር ጠፋ፣ ከዚያ ዳኞቹ ለእረፍት እንደሄዱ ሳይመለሱ ቀሩ፣ በመጨረሻ የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ማክሰኞ አገረ ገዢው የቢሮውን ቁልፍ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጥቶ መርከብ ተሳፈረ። ኤናዎች ነጻነታቸውን የተቀበሉት ከዚያች ሴትዮ እጅ ነው፤ ዛሬ ምስሏ ቴምብር ላይ አለ። ይህን ታሪክ ሳነብ ነው የወደድኳቸው። ደም ሳይፈስ፣ መጥረጊያ በያዘ እጅ ነጻ የወጣ ሕዝብ፣ እኔን የመሰለ ሰው ቢገባበት አይጎዳውም ብዬ አሰብኩ። ችግራቸው ሰው ነው፤ ወጣቱ አገረ ገዢውን ተከትሎ አብሮ ተሳፍሯል፣ ነርስ የለም፣ ዓሣ የሚያሽግ የለም፣ መዝገብ የሚይዝ የለም። ስለዚህ ጆሃንስበርግ ላይ ቢሮ ከፍተው እንደኛ የጥገኝነት ወረቀት ይዞ የሚንከራተተውን ሰው እያስማሉ ይወስዳሉ። አንድ ሕግ አላቸው፤ ሰው የሚምለው በሕልሙ በሚናገርበት ቋንቋ ነው። እነሱ ሁለት መቶ ዓመት በሰው ቋንቋ ሲምሉ ስለኖሩ ነው እንዲህ ያደረጉት። እንግዲህ በአማርኛ የሚያልም ሰው በአማርኛ ሊምል ነው፣ መሐላው ደግሞ ይተርጎም፣ ማን ይተርጉመው?

እኔ ነኛ። ጄፒ መንገድ ላይ፣ አንዱ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ በስልክ ጠጋኝና በበርበሬ ሻጭ መካከል ጠረጴዛ አለኝ፤ ላፕቶፕ፣ ማተሚያና ሁለት ወንበር። ሰው ፎርም ፊት ሲፈራ እኔ አልፈራም፣ ሥራዬ ይኸው ነው። ስም የሚለው ላይ የአባት ስም ቀድሞ የገባበትን፣ የልደት ቀኑ በኛ ዘመን ተጽፎ ሰባት ዓመት ያረጀበትን፣ ሚስቱ የሌላ ሰው ሚስት ተብላ የተመዘገበችበትን ሁሉ አቃናለሁ። ቲቸር ነው የሚሉኝ። ሠረቀብርሃን የሚለው ስሜ ለዚህ ሀገር ሰው ይረዝማል፣ ለኛ ሰው ደግሞ ቲቸር ይበቃዋል። መሐላውን ያመጣችልኝ አስካለች ናት፣ አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ነርስ ሆና የሠራች፣ እዚህ መጥታ አሌክሳንድራ ውስጥ የሕፃን ልብስ ስትሸጥ የኖረች። «ቲቸር፣ እነዚህ የበረዶ ሰዎች ተርጓሚ ይፈልጋሉ» አለችኝ፣ እኔም አንድ ከሰዓት ላይ ተረጎምኩት። ከወረቀቱ ጋር አንድ ገጽ የተርጓሚዎች ማሳሰቢያ ነበረው። አላነበብኩትም። አማርኛን እንዴት እንደምጽፍ የሚነግረኝ እንግሊዝኛ ገና አልተጻፈም ብዬ ወደ ጎን አደረግኩት።

ባለፈው ወር አሥራ አንድ ሰው ማለ። እኔ በተርጓሚነት ከጎን ቆሜያለሁ፣ አዲስ ከረባት አድርጌያለሁ። አስካለች የመጀመሪያዋ ናት። «ለእናት ሀገሬ ታማኝ እንድሆን» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ፣ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች። ሁለተኛው ሀቢሶ ነው፤ ቮስሎሩስ ሰፈር ሱቅ ያለው፣ የሆሳዕና ልጅ፣ አማርኛን ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ከጓደኞቹ የለመደ፣ አሁን ግን በሕልሙም የሚናገርበት፣ ሦስት ጊዜ ተዘርፎ አንድም ቀን ሲያማርር ያልሰማሁት ሰው። እሱም አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ተያያዘ፤ አሥራ አንዱም አለቀሱ። የቢሮው ኃላፊ ኢርሳ ራሷ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «በአሥር ቋንቋ አስምለናል፣ እንዲህ የሆነ አንድም ጊዜ የለም» አለችኝ። ኮራሁ። የሸሚዜ ቁልፍ ሊበጠስ ትንሽ ነው የቀረው። ማታውን ለእማዬ ደውዬ ልጅሽ ስምንት መስመር ጽፎ አሥራ አንድ ሰው አስለቀሰ ብያታለሁ።

ትናንት ከሰዓት ግን፣ የራሴ ተራ ስለደረሰ፣ ፋይሉን ከመጀመሪያው ልየው ብዬ ያንን የማሳሰቢያ ወረቀት አነሳሁት። ሁለተኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፤ የቫልድር ግዛት ራሱን «እናት» ብሎ ይጠራ ስለነበር፣ የኤና ልጆችም በየጠዋቱ ለእናት እየማሉ ስላደጉ፣ በማንኛውም ቋንቋ ሀገርን እናት ወይም አባት የሚል ቃል በመሐላው ውስጥ እንዳይገባ። ኤና በስሟ ትጠራ። እንግሊዝኛውን አወጣሁት፤ «ለኤና፣ ለሀገሬ» ነው የሚለው። የእኔን አወጣሁት፤ «ለእናት ሀገሬ»። ኤና የለችም። ከርዕሱ በቀር በስምንቱ መስመር አንድም ቦታ ስሟ የለም፣ በርዕስ ደግሞ ማንም አይምልም። ኤና ብዬ ጀምሬ እናት ብዬ ጨርሻለሁ። አሥራ አንድ ሰው በኤና ባንዲራ ፊት ቆሞ ለማን እንደማለ እንጃ፤ ለደሴ፣ ለሆሳዕና፣ ለቂርቆስ ሰፈር፣ እያንዳንዱን ለወለደችው ሴት። እነዚያ ምስኪን ኤናዎች ደግሞ ሁለት መቶ ዓመት በግድ ሲምሉበት የኖሩትን ቃል በአማርኛ ሰምተው መነጽራቸውን ጠረጉ።

መጀመሪያ ስልኬን ነው የከሰስኩት። «እና» ብለህ ስትጀምርለት «እናት» ብሎ ይጨርስልሃል፣ «እናት» ስትለው «ሀገር» ብሎ ይቀጥልልሃል፣ የታወቀ ነገር ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል ይህ ምክንያት በጣም ተመችቶኝ ነበር። ግን መሐላውን የጻፍኩት በስልክ አይደለም፤ በዚያ በአሮጌው ላፕቶፕ ነው፣ እሱ ደግሞ ምንም አይጨርስልህም፣ የጀመርከውንም ቢሆን ያጠፋብሃል። እጄ ነው የጻፈው። ከጻፈም በኋላ ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ፣ ጆሮዬ ወዶታል። ሌላ አማርኛ ተናጋሪ ቢሆንም ይኸው ነው፤ ሀገር የሚለው ቃል ፊት ባዶ ቦታ ካየን እናት እንሰካበታለን። ትክክለኛ ስህተት ነው፣ የኛ ስህተት ነው፣ ግን ስህተት ነው።

ዛሬ ደግሞ ከመማሌ በፊት አንድ ወረቀት እፈርማለሁ። «ይህ ትርጉም ከዋናው ጋር አንድ ነው» ይላል። ከተፈረመ በኋላ ጽሑፉ ወደ ኤና ሄዶ በመዝገብ ይጠረዛል፣ ከእንግዲህ በአማርኛ የሚምል ሁሉ በእሱ ይምላል። ብፈርም ማን ያውቃል? ኤና ውስጥ አማርኛ የሚያነብ የለም፣ የሚያነቡት እነዚያ አሥራ አንዱ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ወደውታል። የሚጠይቅ ቢመጣም እከራከራለሁ፣ እናት ሀገር ማለት በአማርኛ ሀገር ማለት ብቻ ነው፣ የአሥራ አራት ዓመት መምህር ነኝ፣ ሙያዊ አስተያየቴ ነው እላለሁ፣ አሸንፋለሁም። በዚህ አልጠራጠርም። ክርክር ተሸንፌ አላውቅም።

ለመፈረም ምክንያት አለኝ፣ እሱም የእማዬ ዓይን ነው። በጥገኝነት ወረቀት የሚኖር ሰው ወደ ሸሸበት ሀገር ከተመለሰ ወረቀቱም አለቀለት፣ እሱም አለቀለት። ዘጠኝ ዓመት አላየኋትም። አባቴን የቀበርኩት በስልክ ነው፤ እህቴ የአለምወርቅ ስልኩን ወደ መቃብሩ ዘርግታ አፈር ሲወድቅ ታሰማኛለች፣ እኔ ጄፒ ላይ የአንድ ሰውዬ ፎርም እየሞላሁ ነው፣ የትውልድ ቦታ የሚለው ላይ ደርሻለሁ፣ አላቋረጥኩም፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ሞላሁት። ያ ቀን ትዝ ባለኝ ቁጥር አፍራለሁ። አሁን ደግሞ እማዬ የዓይን ግፊት ይዟታል። ሐኪሙ የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውን ግን ጠብታው ያቆየዋል ብሎ አዝዞላታል፤ ጠብታው ቁምሳጥን ውስጥ እንደታሸገ አለ። አልጀምርም ብላለች። «ማየት የምፈልገውን ሁሉ አይቻለሁ፤ የቀረኸኝ አንተ ነህ፣ ስትመጣ እጀምረዋለሁ» ትላለች። ካልጀመረች ገናን በጨለማ ነው የምትውለው ብሎናል። የኤና ፓስፖርት ማለት ለእኔ በረዶ አይደለም፣ ዓሣም አይደለም፣ ያ ቁምሳጥን ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ደወልኩላት፤ ደሴ አንድ ሰዓት ነው፣ ከኪዳን ተመልሳለች። እማዬ ወሬ የምትሰማው «እና?» እያለች ነው። ባልና ሚስት ተጣሉ ስትላት «እና?» ሞተ ስትላት «እና?» መጀመሪያ ስለ ኤና የነገርኳት ቀን በዚህ ቃል ጉድ ፈልቷል።

«ወዴት ልትሄድ ነው?» አለችኝ ያኔ።

«ኤና።»

«እና ወዴት?»

«ኤና ነው እኮ ስሟ።»

«እኮ፣ እና?»

የአለምወርቅ ከኋላ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል፣ እኔም ስቄ ስልኩ ወደቀብኝ። ዛሬ ግን አልሳቅኩም። ተሳስቻለሁ እማዬ አልኳት። «አንተ?» አለች፣ መሐላውን ከማበላሸቴ ይልቅ መሳሳት መቻሌ ነው የገረማት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት።

«ታዲያ እናት ማለት ክፉ ነገር ሆነ እንዴ?»

«ለነሱ ክፉ ነው። የገዛቸው መንግሥት እናታችሁ ነኝ እያለ ነው የገዛቸው።»

«ስንት ዓመት?»

«ሁለት መቶ።»

«ወይ ድፍረት!» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ተማሪህ እንዲህ ሲሳሳት ምን ታደርገው ነበር?»

«በቀይ አሰምርበት ነበር።»

«እና?»

«ብነግራቸው ላያስምሉኝ ይችላሉ። ካልማልኩ ፓስፖርቱ ይቀራል። ፓስፖርቱ ከቀረ አልመጣም።»

«ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ፣ ደግሞም እቆያለሁ» አለች። «ቀይ እስክሪብቶህን ያዝና ሂድ።» ስልኩን የአለምወርቅ ተቀበለቻት፣ ወደ ጓሮ እየወጣች መሆኗ በእግሯ ድምፅ ያስታውቃል፣ ሹክ አለችኝ። «ሠሬ፣ እሷን አትስማ! ትላንት ማታ ከበሩ ጋ ተጋጭታ ግንባሯ አብጧል፣ አትንገሩት ብላ ነው። ፈርመህ ና። እዚያ በረዶ ላይ ማን አማርኛ ያነብብሃል?» ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቀይ እስክሪብቶውን በኪሴ ከተትኩት፤ መያዝና መጠቀም ግን ይለያያሉ እያልኩ ወረድኩ።

ታክሲው ውስጥ ሰው ከሰው ተጣብቋል። ሾፌሩን በዙሉ «ሳውቦና» ብዬ ሰላም አልኩት፣ «ዬቦ ባባ» አለኝ። አጠገቤ ሻሽ ያሰረች ትልቅ ሴትዮ ጎመን በጭኗ ይዛ ተቀምጣለች፣ የገባው ሁሉ «ማ» ይላታል፤ «ይቅርታ ማ»፣ «ጠጋ በይ ማ»፣ «ተባረኪ ማ»። አንዳቸውንም አልወለደችም። እዚህ ሀገር እናትን ለመንገደኛ ይሰጧታል፣ ደስ ብሏቸው ይሰጧታል፣ ማንም አይከፋውም። እኔ ለመሬት ሰጠኋት። ኤናዎች ደግሞ ከእጃቸው በግድ ተወስዳባቸው ነበር፣ ለመርከብና ለዳኛ ተሰጥታባቸው፣ አሁን መልሰው ወደ ቤታቸው አስገብተዋት በሩን ቆልፈዋል። ቃላቸው ነው እኮ፣ የሰው ቃል ነው የነካሁት፣ እኔ ለቃል የምሟገት ሰው! «አፍተር ሮቦት!» ብዬ ጮህኩ፣ ከትራፊክ መብራቱ ማዶ አውርደኝ ማለት ነው፣ ከሚገባው በላይ ሳልጮህ አልቀረሁም፣ ሴትዮዋ ጎመኗን አቅፋ አየችኝ። «ይቅርታ ማ» አልኳት እኔም።

ቢሮው ከአንድ ጥርስ ሐኪም በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኢርሳ ሠላሳ አልሞላትም፣ እኔ በሁለት ሹራብ የምንቀጠቀጥበትን ሐምሌ እሷ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ መስኮት ከፍታ ትቀመጥበታለች። እንግሊዝኛ አንቺና እርስዎ አይለይም፣ እኔ ግን ማህተሙ እሷ ጋ ስላለ በልቤ እርስዎ እያልኩ ነው የማናግራት። ወረቀቱን አዞረችልኝ፣ የምፈርምበትን ቦታ በጣቷ አሳየችኝ፣ እስክሪብቶ ዘረጋችልኝ። ጥቁር እስክሪብቶ። ተቀበልኳት። የእማዬ ግንባር እብጠት ታየኝ፣ ያላየሁት እብጠት። ለመፈረም አንድ ትንፋሽ ነው የቀረኝ፣ ይህን አልክድም።

«ከዋናው ጋር አንድ አይደለም» አልኩ።

«ነጠላ ሰረዝ ነው?» አለች ሳትደነግጥ።

«የሀገሪቱ ስም የለም።»

«በምን ተተካ?»

ክርክሬ ተሰልፎ አፌ ላይ ቆሟል፣ የአሥራ አራት ዓመት መምህር፣ ሙያዊ አስተያየት፣ ሁሉም። ቃሉን ብቻ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ማህተሙን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። ከዚያ ስለ አባቷ ነገረችኝ። አባቷ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ጠዋት ጠዋት እዚያ ቃል ላይ ሲደርሱ አፉን ይዘጋ ነበር። አስተማሪው ደረሰበትና ከበር ውጭ በረዶ ላይ አቆመው። ሁለት የእግር ጣት የለውም። «መሐላው ውስጥ ስድስተኛው መስመር ያለው ለዚህ ነው» አለችኝ። ስድስተኛውን መስመር አውቀዋለሁ፤ «ማንንም ሰው በብርድ በር ላይ እንዳላቆም» ይላል። ስተረጉመው የአየር ጠባይ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። እኔም አስተማሪ ነበርኩ፣ እኔም ልጆች ከበር ውጭ አቁሜያለሁ፣ በፊደል ምክንያት አቁሜያለሁ፣ ደሴም ብርድ ናት። አፈርኩ። ይቅርታ አልኳት፣ ለሷም ለነሱም ይመስለኛል።

«አሥራ አንዱ ሰዎች ያለቀሱት በዚህ ቃል ነው?»

«በዚህ ቃል ነው።»

«ለኛ ብለው አልነበረም ማለት ነው።»

«አልነበረም» አልኩ፣ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

«ለሚኒስትሩ ጽፌለት ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ። «በአማርኛ የሚምሉት ያለቅሱልናል ብዬ።»

ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች፣ በራሷ ቋንቋ ስልክ ስታወራ በግድግዳው በኩል ይሰማል፣ እኔ አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ፈርቼ ነበር ብል አልዋሸሁም፤ ግን ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ መጣብኝ፣ አንገቴ ተንጋሎ ልተኛ ስል ነው የተመለሰችው። አሥራ አንዱም እንደገና ይምላሉ። እስከዚያ የሁሉም ፓስፖርት ይቆያል፤ የእኔም ከእነሱ ጋር እንጂ ከእነሱ በፊት አይወጣም። እነሱን መሰብሰብ የእኔ ሥራ ነው። ጽሑፉን ካረምኩ ግን ዛሬውኑ መማል እችላለሁ።

«መቼ ታመጣቸዋለህ?»

«ቅዳሜ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም» አልኩ። ሁለቱ ደርባን ናቸው፣ አንዱ ስልክ አያነሳም፣ አስካለች ትቆጣኛለች። ይሁን። እኔ አሥራ አንድ ሰው መሰብሰብ የሚያቅተኝ ሰው አይደለሁም፤ ስድሳ አምስት ልጅ ባለበት ክፍል ዝምታ ያሰፈንኩ ነኝ። እዚያው ፊቷ ለሀቢሶ ደውዬ የሆነውን ነገርኩት።

«ቲቸር፣ እኔ ያን ቀን እናት ስል ሆሳዕና ያለችውን እናቴን ነው ያሰብኩት» አለኝ፣ ከኋላው የሱቁ ደንበኛ ዳቦ ይጠይቃል። «እናንተ አማርኛ ላይ ሀገርን እናት ስትሉ እኔ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እናቴ አንድ ናት።»

«አሁን ለኤና በስሟ ትምላለህ።»

«እምላለሁ፣ ችግር የለም። ኤና ሥራ ሰጠችኝ፣ አልወለደችኝም። ለሥራ ይማላል። ቅዳሜ ግን ሱቁን ማን ይጠብቅልኛል?»

ቀዩን እስክሪብቶ አወጣሁ። «እናት» የሚለው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ በላዩ «ኤና»፣ በእሷና በ«ሀገሬ» መካከል አንድ ነጠላ ሰረዝና አንዲት «ለ»። ኢርሳ እርማቱ ላይ ማህተም መታች። ኤናዎች ሲምሉ ቁልፍ ይይዛሉ፣ አገረ ገዢው ትቶት የሄደውን ቁልፍ ቅጂ፤ ጨበጥኩት፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ከባድ ነው። ከዚህ በፊት አሥራ አንድ ሰው ሲይዘው አይቻለሁ፣ እንዲህ እንደሚከብድ ግን አልጠረጠርኩም። «እኔ ሠረቀብርሃን ገብረጻድቅ፣ ለኤና» አልኩ፣ ምላሴ ልማዷን ልታደርግ ተነሳች፣ ጥርሴን ነካች፣ «ት» ልትል ደረሰች። ያዝኳት። አንዲት ትንፋሽ ቆምኩ። «ለሀገሬ፣ ታማኝ እንድሆን፣ ሕጓን እንዳከብር፣ ክረምቷን እንድታገሥ» እያልኩ ስድስተኛው መስመር ላይ ደርሼ፣ እሱን ከሁሉም ቀስ ብዬ አነበብኩት፣ ስምንቱንም ጨረስኩ። አላለቀስኩም። ያቺ የተረፈችው «ት» ከጥርሴ ኋላ እንዳለች አለች፤ ባለቤቷ ደሴ ናት፣ ይዣት እሄዳለሁ።

«አላለቀስክም» አለች ኢርሳ።

«ትክክለኛው ትርጉም ይህ ነው» አልኳት፣ ሳቀች። አንቺ ብያት ነው የመለስኩላት፤ እንግሊዝኛው አያሳብቅም፣ እኔ ግን አውቃለሁ።

ታች ወርጄ ፀሐይ ያገኘሁበት ግድግዳ ተደግፌ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ራሷ ናት፣ በእጇ ይዛው ስትጠብቅ ነበር መሰለኝ።

«ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«አስማሉህ?»

«አስማሉኝ።»

«ለማን?»

«ለኤና።»

«እና?» አለች።

ወረፋ ያለው ነገር ነው፣ አሥራ አንድ ሰው ከፊቴ አለ፣ ቅዳሜ የሚመጣ አለ የማይመጣ አለ፣ ይህን ሁሉ ልዘረዝርላት ነበር። ተውኩት።

«እና እመጣለሁ» አልኩ። «ለመስከረም። በእንግዳ ፓስፖርት፣ በቪዛ።»

«ቪዛ? ለእኔ ቤት?»

«ላንቺ ቤት፣ እናቴ።»

መቼም እናቴ ብያት አላውቅም፣ እማዬ ነው የምላት። ከዚያ ስልኩን በመዳፏ የሸፈነች መስሏት፣ ምንም ሳትሸፍነው፣ ወደ ውስጥ ስትጣራ ሰማኋት።

«የአለምወርቅ! ያን ጠብታ ከቁምሳጥኑ አውጪልኝ። አዎ፣ አሁን።»